የሥራነሽ ክሊራንስ

ሥራነሽ የማርቆስ ከተማ ልጅ ናት። ተወልዳ ያደገችው፣ ተምራ ሥራ የያዘችው፣ ተድራ የወለደችው እዚያው ነው፤ ከተማዋንም ትወዳለች። በሁለት ሺህ ሦስት ዓመተ ምሕረት ግን ከማርቆስ ለመውጣት ያየችውን አሳር ውቅያኖስ የሚሻገር ሰው እንኳ አያየውም። ደግሞ የምትሄደው ሩቅ አገር እንዳይመስላችሁ፤ ባሕር ዳር ነው።

ባሏ መሳፍንት መምህር ነው። መስከረም ላይ ወደ ባሕር ዳር ሲዛወር የሦስት ዓመት ልጃቸውን ዜማን ይዟት ሄደ፤ እዚያ ልጅቷን የምትይዝለት እህት ነበረችው። ሥራነሽ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን የማዳበሪያ መጋዘን ኃላፊ ስለሆነች፣ ንብረቱን አስረክባ በሁለት ሳምንት ልትከተላቸው ተስማሙ። ሻንጣዋን ሳይቀር አስቀድማ ላከችው። "በሁለት ሳምንት" ያለችው ነገር ትዝ ባላት ቁጥር ያስቃታል፤ ሳቁ ግን የደስታ አይደለም።

ነገሩ የተበላሸው በኮምፒውተሩ ነው። ባለፈው ሚያዝያ ዩኒየኑ "እኛም እንዘምን" ብሎ ከአንድ የአዲስ አበባ ድርጅት የንብረት መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ገዝቶ ነበር። ገቢና ወጪ ይመዘግባል፣ ደረሰኝ ያትማል፣ ሌሊት ሰው ሁሉ ሲተኛ ደግሞ የዕለቱን ሒሳብ ራሱ ይዘጋል። ሌላው ሠራተኛ ማውሱን ለመያዝ ሲንቀጠቀጥ ሥራነሽ ቶሎ ለመደችው። የጎደለውን እንኳ ታስተካክልለት ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት የአምበር ገበሬዎች ማኅበር ሊቀ መንበር አያ እንዳላማው ማዳበሪያ ጭነው ደረሰኙን ቢያዩት ሰዓቱ ዘጠኝ ይላል።

"እታለም፣ ምን አድርጌሽ ነው?" አሉ ተቆጥተው። "ገና ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው። ማኅበሩ 'እስከ ዘጠኝ ሰዓት የት ዋልክ፣ የማን ጠላ ቤት ገባህ?' ቢለኝ ምን ልመልስ?"

እውነታቸውን ነው። ሥራነሽ ይቅርታ ጠይቃ ኮምፒውተሩን የፈረንጅ ሰዓት ከመቁጠር ወደ አገሩ ሰዓት መለሰችው። ከዚያ ወዲያ ደረሰኙን አይቶ የሚቆጣ ገበሬ አልመጣም፤ እሷም ኮራች።

መስከረም ላይ ከዕዳ ነጻ መሆኗን የሚመሰክረውን ክሊራንስ ስትጠይቅ ግን ጉድ ፈላ። ኮምፒውተሩ አለ የሚለው ማዳበሪያ መጋዘኑ ውስጥ የለም። ቆጠሩ፤ ደግመው ቆጠሩ፤ የለም። በክረምት ማዳበሪያው የወጣባቸውን ደረሰኞች አውጥታ ዘረጋች። የዩኒየኑ ኦዲተር ቁጥራቸውን ኮምፒውተሩ ላይ ፈለገና አጣ። "ሲስተሙ የማያውቀው ደረሰኝ ደረሰኝ አይደለም" ብሎ እንደ ቆሻሻ ገፋላት።

ሥራ አስኪያጁ አቶ ባዘዘው ክፉ ሰው አይደሉም። ጠንቃቃ ናቸው፤ ጠንቃቃ ሰው ደግሞ አንዳንዴ ከክፉ ይብሳል።

"ልጄ፣ አንቺን አልጠረጥርሽም" አሏት። "ግን በምን እጄ ልፈርም? ማሽኑ አለ ይላል። ማሽን ዘመድ የለው፣ ጉቦ አይበላ፣ ለማን ብሎ ይዋሻል? መጋዘኑና ሲስተሙ ይስማሙና በማግሥቱ እሸኝሻለሁ።"

ጥላ ብትሄድስ? ንብረት ሳያስረክብ የሄደ ሰው ስሙ አንድ ነው፤ ሌባ። ባሕር ዳርም ክሊራንስ ሳያይ የሚቀጥራት መሥሪያ ቤት የለም። ስለዚህ ቀረች።

ከዚያ አዲስ አበባ መደወል ሆነ ሥራዋ። የድርጅቱ ባለሙያ አምደሚካኤል ይባላል፤ አነጋገሩ ለስላሳ፣ መድኃኒቱ አንድ ነው፤ "አጥፍተሽ አብሪው።" ራስ ምታትም ይሁን ቁርጠት ያው አንድ ጠበል። አጥፍታ ታበራለች፤ ያው ነው። ሌላ ቀን "ጥያቄሽ ተመዝግቧል፣ ተራ ጠብቂ" ይላታል። ሌላ ቀን "አዲሱን ቨርዥን ብትገዙ ይሻላል" ይላል። አንዳንዴም ስልኩን ጭራሽ አያነሳውም። ኅዳር ላይ ተለምኖ አንድ ከሰዓት በኋላ መጣ። ኮምፒውተሩም ሐኪም ቤት በር ላይ ሲደርስ እንደሚተው የጥርስ ሕመም ጸጥ አለ፤ ያስገቡትን ይመዘግባል፣ የተመዘገበውን ያሳያል። "ሲስተሙ ጤነኛ ነው" አለና አባይን ሳይመሽ ለመሻገር ብሎ በመጣበት መኪና ተመለሰ።

በመንገድ ሲያይዋት ድምፃቸውን የሚቀንሱ ሰዎች በዙ። ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ አንዷ ጎረቤቷ "አይዞሽ፣ ሰው ሲቸግረው ሰይጣን ያሳስተዋል" ስትላት፣ ማጽናኛ ይሁን ነቆራ ሳይገባት ቤቷ ገብታ አለቀሰች። አያ እንዳላማው ብቻ ባገኟት ቁጥር "እታለም፣ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል" ይሏታል።

ከሁሉ የሚከፋው የእሑዱ ስልክ ነበር። መሳፍንት ለልጁ እንዲገባት ብሎ፣ የእናቷ ኮምፒውተር ታሟል፣ እሷ ናት የምታስታምመው፣ ሲድን ትመጣለች ብሏታል። ዜማም ስልኩን ስትይዝ ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፣ "እማ፣ ኮምፒውተሩ ዳነ?" ትላለች።

"አልዳነም የኔ ቆንጆ።"

"ጠበል ውሰጂዋ!"

ሥራነሽ ትስቅና ስልኩን ስትዘጋ ግድግዳ ተደግፋ ትቆማለች። ለገናና ለጥምቀት ሄዳ አይታታለች። በጥምቀቱ ልጅቷ ሌሊት ባንና የጠራችው አክስቷን ነበር።

ሚያዝያ ባተ፤ የዘመኑ ማዳበሪያ መግባት ጀመረ። የገበሬዎቹ መኪናዎች በጠዋት ስለሚሰለፉ ሥራነሽ ቢሮ ሳይከፈት ትገባ ነበር። አንድ ቀን የአምበርን ጭነት መዝግባ፣ ደረሰኙን ሰጥታ፣ ጥቂት ቆይታ ብታይ ያወጣችው ማዳበሪያ ኮምፒውተሩ ላይ ተመልሶ አለ! ስልኩን አንስታ ጮኸች።

"አሁን! እዚሁ ፊቴ ላይ ተመለሰ! ምንም አልነካሁትም!"

"ተረጋጊ እትዬ" አለ አምደሚካኤል። "እንደዚያ የሚያደርገው የሒሳብ መዝጊያው ብቻ ነው። እሱ ሲሠራ የገባ ነገር ይጠፋል፤ የትናንቱን ሒሳብ መልሶ ያመጣል። ለዚህ ነው ማንም በማይሠራበት በውድቅት ሌሊት ያደረግነው። የኮምፒውተሩ ሰዓት ሁለት ሲል ይጀምራል፤ ያ ማለት በእኛ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው። አሁን ግን ጠዋት ነው።"

ሥራነሽ ዓይኗን ወደ ኮምፒውተሩ ጥግ ወረወረች። ሁለት ሰዓት ከሩብ ይላል። የአገሩ ሰዓት። እሷ ያስተካከለችው ሰዓት።

ዓመት ሙሉ መዝጊያው የሚሠራው በውድቅት ሌሊት ሳይሆን ልክ ቢሮ ሲከፈት፣ የመኪናው ሰልፍ በር ላይ ሲሆን ነበር። በበጋ በጠዋት የሚጭን ስለሌለ ምንም አይጠፋም፤ አምደሚካኤል የመጣውም በበጋ፣ ያውም ከሰዓት በኋላ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን የጣለችው ራሷ ነበረች።

ዝም ብትል የሚያውቅባት አልነበረም። ሰዓቱን መልሳ ብትቀመጥ ነገሩ እዚያው ተዳፍኖ ይቀር ነበር። ግን ተዳፍኖ ከቀረ እሷም አብራ መቅረቷ ነው። እውነቱ ከታወቀ አለመስረቋ ይታወቃል፣ ትሸኛለች ብላ ለአምደሚካኤል ነገረችው። እያለቀሰች፣ እየሳቀችም ነገረችው።

"ጎበዝ!" አላት። "እኔ በጽሑፍ አረጋግጬ እልካለሁ።"

ላከ። አቶ ባዘዘው መነጽራቸውን አድርገው ጮክ ብለው አነበቡላት፤ ሲስተሙ እንከን የለበትም፣ ችግሩ የተፈጠረው በተጠቃሚዋ ስሕተት ነው፣ የተዘጉትን ወራት ከፍቶ ማረም ሌላ ውል ይጠይቃል።

"እንግዲህ አልሰረቅሁም" አለች ሥራነሽ።

"አልሰረቅሽም፤ እግዚአብሔር ይመስገን።" ወረቀቱን አጠፉት። "ጥፋቱ የማሽኑ ቢሆን ኖሮ ዛሬውኑ በፈረምኩልሽ ነበር። ያንቺ ከሆነ ግን አንቺው ነሽ የምታቃኚው። የዩኒየኑ ቦርድ ክረምቱ ሲወጣ ይሰበሰባል፤ ስለ ውሉ ያኔ ይወሰናል። እስከዚያ ይህን ማሽን ካንቺ የተሻለ የሚያውቀው ማን አለኝ? እንዴት አድርጌ ልልቀቅሽ?"

እውነቱ ጠራ። አያ እንዳላማው እንዳሉት ጠርቶ ወጣ። ሥራነሽ ግን በመስከረም ከነበረችበት ወንበር ላይ አልተነሳችም።

እሑድ ስልኩ ጮኸ።

"እማ፣ ኮምፒውተሩ ዳነ?"

ልጇን መዋሸት አልወደደችም። "ዳነ የኔ ቆንጆ" አለች።

ዜማ ከወዲያ ማዶ ስትዘል ተሰማ። "እንግዲያ ነይ! አሁን ነይ!"

ልጅቷ ትንሽ ጠበቀች፤ ደግማ "እማ" አለች፤ አሁንም ጠበቀች።

"አባ፣ ዝም አለች" አለችና ስልኩን ለአባቷ ሰጠች።