በአባቷ ስም የመጣ ጥሪ

የባለቤቴ አርባ በወጣ ማግስት ከፎቃችን ወርጄ የፖስታ ሣጥናችንን ከፈትኩ። ሰው ሲገባና ሲወጣ ስለከረመ ማንም አላስታወሰውም ነበርና እስከ አፉ ታጭቋል። ከመብራትና ከስልክ ቢሎች መካከል አንድ ወፍራም፣ የሚያብረቀርቅ ፖስታ ወጣ። በላዩ ቀድሞ የተጻፈው የባለቤቴ ስም ነው። ከስሙ በታች በትልልቅ ፊደል «ስለ አንተ ስናስብ ነበር» ይላል።

እርግጥ እንግሊዝኛው «አንተ» አይልም። ለወንድም ለሴትም፣ ለልጅም ለአዋቂም አንድ ቃል ነው ያለው። እኔ ግን በልቤ የማነበው በአማርኛ ነው፤ በአማርኛ ደግሞ አንዱን ሳይመርጡ ማለፍ አይቻልም። ስሙን አይቼ «አንተ» ብዬ አነበብኩ።

ሊፍቱ ውስጥ ከፈትኩት። የአንድ ትልቅ የአሜሪካ ኮሌጅ ፎቶ ነው። ግንቡ ላይ ሐረግ የወጣበት የድንጋይ ሕንፃ፣ ከፊቱ ደግሞ እኩል የታጨደ ሰፊ ሣር። እሱን የቀበርንበት ቦታም እንደዚያው እኩል የታጨደ ነው። ከሥር «ቦታህ እዚህ ነው፤ እስክትመጣ እንጠብቅሃለን» ተብሏል። ሊፍቱ ቆሞ በሩ ተከፈተ። እኔ ሳልወርድ ተዘጋ።

ልጃችን ያኔ ሃይስኩል ልትጨርስ አንድ ዓመት ቀርቷታል። ቶሮንቶ ተወልዳ እዚሁ ክሬሰንት ታውን ሰፈር ያደገች ናት። ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ አየችውና «ማሚ፣ ይሄ ለእኔ ነው» አለች። «አባዬ ነው እንዲህ ያደረገው።»

ነገሩን ያን ጊዜ ነገረችኝ። ክረምቱ ሳይወጣ፣ እሱም ደህና ሳለ፣ መሀል ከተማ የአሜሪካ ኮሌጆች ጠረጴዛ ዘርግተው ተማሪ ወደሚያነጋግሩበት አዳራሽ ወስዷት ነበር። እሷ እየዞረች ስታይ እሱ ካርድ ሞላላት። ካርዱ መጀመሪያ የቤተሰብ ስም፣ ቀጥሎ የተማሪዋን ስም ይጠይቃል። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። የልጁ ስም ይቀድማል፣ የአባቱ ይከተላል። ባለቤቴ የዚህን አገር ፎርም ሲሞላ የኖረ ሰው ስለሆነ ይህ አይጠፋውም። የዚያን ቀን ግን እጁ ልጅ ሳለ እንደለመደው ጻፈ፤ የእሷን ፊት፣ የራሱን ኋላ። ስለ ዘር በሚጠይቀው ቦታ ደግሞ «ጥቁር» በሚለው ላይ ምልክት አደረገ። እንዲህ ሆኖ እነሱ ዘንድ የእሷ ስም የቤተሰብ ስም፣ ተማሪው ደግሞ እሱ ሆነ። ሲመለሱ ሰብዌይ ባቡር ውስጥ «ይፈልጉሻል፤ ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ» ብሏት ነበር።

ፖስታው መምጣቱን አላቆመም። ካርዱ ከአንዱ ኮሌጅ ወደ ሌላው ሳይተላለፍ አልቀረም፤ ሰምተናቸው የማናውቃቸው ኮሌጆች ሁሉ ይጽፉለት ጀመር። በእሷ ልደት ቀን «እንኳን ተወለድክ» የሚል ካርድ መጣለት።

«ኮል አድርጊና አስተካክዪው፤ ክሪፒ ነው፣ ያስፈራል» አለችኝ ልጄ።

«እሺ» አልኳት። አልደወልኩም። ባንኩ ስሙን ሰርዞታል፣ ስልኩ ተዘግቷል፣ መሥሪያ ቤቱ ፈረቃውን ለሌላ ሰጥቷል። በዚህ ከተማ ስሙን ይዞ የሚመጣ ያ ፖስታ ብቻ ነበር።

ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩ አንድ ጡረተኛ የባለቤቴ ወዳጅ ነበሩ። ጋሼ ነው የምላቸው። ሣጥኖቹ አጠገብ ሲያገኙኝ ይጠይቁኛል።

«ዛሬስ መጣለት?»

«መጣለት፣ ጋሼ።»

«ምን ዓይነት ሰው ነው! በቁሙ ሥራ ፈልጎ ማመልከቻ ሲበትን መልስ የሚሰጠው ጠፍቶ፣ አሁን አሜሪካ ሙሉ ይለማመጠዋል።» ሳቅን። ከዚያ ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው፣ «ልጅቷን ግን አደራ። እነዚህ ሰዎች የሰርግ ጥሪ ለአገር በትነው በር ላይ ዘበኛ የሚያቆሙ ናቸው» አሉኝ።

ለልጄ ስነግራት አልገረማትም። የትምህርት ቤቷ አማካሪም ይህንኑ ብላታለች። ብዙ ሰው ባመለከተ ቁጥር ብዙ ሳይቀበሉ ይመልሳሉ፤ ብዙ በመለሱ ቁጥር ስማቸው ይከብራል።

«ብዙ ጥቁር ልጆች አፕላይ አደረጉ ማለት ለእነሱ ጥሩ ነው» አለች። «ማስገባት ሌላ ነገር ነው።»

«ታዲያ ለምን ትደክሚያለሽ?»

«አባዬ ይፈልጉሻል ብሎኛል። እውነት መሆኑን ማወቅ አለብኝ።»



አማካሪዋ ከማመልከቻው ጋር በሚላከው ጽሑፍ ስለ አባቷ ሞት እንድትጽፍ መክራት ነበር። ልጄ እምቢ አለች። «እሱን አሳይቼ አልቅሱልኝ አልልም» አለች። በእሱ ፋንታ ስለ ፎቃችን ሊፍት ጻፈች፤ ሲበላሽ ደረጃ ላይ ስለሚተዋወቁ ሰዎች። መጀመሪያ የጻፈለትን ያንን ኮሌጅ መርጣ ላከች። ስሟን ራሷ ሞላችው፤ የቱ የት እንደሚገባ አልተሳሳተችም።

መልሱ በስልኳ መጣ። ወጥ ቤት ቆማ አነበበችውና ስልኩን የዕቃ ማጠቢያው ጎን በፊቱ ደፋችው። አልተቀበሏትም። የክፍል ጓደኛዋ ግን ገብታለች።

«ማርካችን እኩል ነው» አለችኝ። «ለእሷ አንድ ፖስታ ካርድ እንኳን አልመጣላትም። አባቷ ግን እዚያ ነው የተማረው፤ እዚያ ለተማረ ሰው ልጅ ያደላሉ።» ቀጥላም «እሷ በአባቷ ስም ገባች፣ እኔ በአባቴ ስም ተጠራሁ» አለች። ልትስቅ ሞክራ ነበር፤ አልሆነላትም። ምን ጎደለኝ ብላ የምትጠይቀው ሰው አልነበራትም። ያን ሁሉ ደብዳቤ ከጻፉት ሰዎች አንዱም ስለዚህ አልጻፈም።

ሳምንት ሳይሞላ ከዚያው ኮሌጅ አዲስ ካርድ መጣ። በእሱ ስም ነው። «ድምፅህ ጠፋብን። ገና አልረፈደም።»

ልጄ ከኋላዬ ቆማ አነበበችው።

«እኔን እምቢ ብለው አሁንም እሱን ይጠራሉ» አለች፤ በእንግሊዝኛ ሳይሆን በአማርኛ፣ ቀስ ብላ።

ያን ጊዜ ደወልኩ። አንዲት ወጣት አነሳች። ስሙን በፊደል እንድነግራት ጠየቀችኝ፤ እሱ ካረፈ ወዲህ አፌን ሞልቼ ያልጠራሁትን ስም በእንግሊዝኛ ፊደል እየቆራረጥኩ ሰጠኋት።

«አገኘሁት። እናቱ ነዎት?»

«የልጅቷ እናት ነኝ።» አልገባትም፤ አለፈችው። ደብዳቤ እንዳይልኩለት ጠየቅኋት።

«ለምን እንደማይፈልግ ልጠይቅ?»

«ሌላ ቦታ ሄዷል።»

«እንኳን ደስ አላችሁ። ሩቅ ነው?»

«ሩቅ ነው።»

ቁልፍ ስትመታ ይሰማኛል። «ጨረስኩ፣ አጥፍቼዋለሁ። ከእንግዲህ አንጽፍለትም» አለች፤ አመሰገንኳት።

ልጄ በሩ ላይ ቆማለች። በመስከረም እዚሁ ከተማ፣ በሰብዌይ እየተመላለሰች እንደምትማር ያን ጊዜ ወስናለች።

«ስሙን ስትጠሪው ሰማሁ» አለችኝ።

«ፊደሉን ነው የጠራሁት።»

«እንግዲያው አሁን ጥሪው።»

ጠራሁት፤ እሱ ካርዱ ላይ እንደጻፈው፣ መጀመሪያ የእሷን፣ ቀጥሎ የእሱን።