የጋሽ ሳቢት የዘይት ደብተር

ጋሽ ሳቢትን በቅርብ አላውቃቸውም፤ የምጽፈው ራሳቸው ያወሩልኝን ነው። በቀይ ሽብር ጊዜ ከሽሮ ሜዳ መርካቶ ሸማ የሚያመላልሱ የጉለሌ ነጋዴ ነበሩ። ለአሮጌዋ ፒካፓቸው ዘይት በቀየሩ ቁጥር ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን ደብተር ላይ ይመዘግባሉ። አንድ ጠዋት ኬላ ላይ የአብዮት ጥበቃው ደብተሩን ገልጦ የመኪናዋን ቆጣሪ ተመለከተ።

«ዘይት የቀየርከው አርብ፤ ዛሬ ሰኞ። ከሽሮ ሜዳ መርካቶ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ሆነ እንዴ?»

መኪና በወጉ መያዝ ያስገድላል ብለው አስበው አያውቁም።

«ቆጣሪው... እ... ተበላሽቶ ነው፣ ጓድ።»

«ሁሉን የምትጽፍ ሰውዬ፣ ይሄን ሳትጽፍ?»

ከኋላ የወታደር መኪና ጥሩምባውን ሲነፋ ጥበቃው ደብተሩን ወረወረላቸው። «ጥፋ ከዚህ!»

«ማንን አሽሽተው ነበር?» ስላቸው፣ የፒካፓቸውን የዘይት መለኪያ ዘንግ በጨርቅ እየጠረጉ «እሱን ተወው» አሉኝ።