የተሳካላት ልጅ

ካውያ ሲግል ዛሬም እህቴ የተመለሰችበት ቀን ትዝ ይለኛል። ልጅ እያለሁ መካነ ሰላም ከተማ ውስጥ “ተሳካላት” የምትባለው ዐረብ አገር ሄዳ ለወላጆቿ ቆርቆሮ ቤት ያሠራች ልጅ ነበረች። ስድስተኛ ክፍል መምህራችን “ስኬት” በሚለው ቃል ዓረፍተ ነገር ሥሩ ሲሉን፣ “ዐረብ አገር ያለችው እህቴ ዘሃራ ስኬታማ ሴት ናት” ብዬ ጽፌ ተጨብጭቦልኛል። ምኑ ነበር የሚያስጨበጭበው!

ዘሃራ “ልመጣ ነው” ብላ ስትደውል አባቴ በደስታ አበደ። ለምን እንደምትመጣ እንኳ አልጠየቃትም። ሙክት አርዶ፣ ጎረቤቱን እስላም ክርስቲያን ሳይል ለዱዓ ጠራ። “አላህ አሳካልን” እያለ በር ላይ ቆሞ ሰው ይቀበላል። ቤቱ ጫትና ወጥ ይሸታል፤ እኔ አዲስ ቀሚሴን ለብሼ እቁነጠነጣለሁ።

እህቴ ከአውቶቡስ ወርዳ አንድ ፌስታል ብቻ ይዛ ገባች።

“ሻንጣሽስ?” አላት አባቴ።

“የለም አባባ፤ አምልጬ ነው የመጣሁት።”

ዱላውን ከበሩ ጀርባ አነሣ። “በሰው ፊት ታዋርጂኝ!” እያለ ትከሻዋን፣ ጀርባዋን፣ ልትከላከል ያነሣችውን እጇን ቀጠቀጠው። ሻሿ ወለቀ፤ አፍንጫዋ ደማ። እንግዶቹ “ኧረ በአላህ! ኧረ በማርያም!” ይላሉ እንጂ የሚይዘው ጠፋ። ቀሚሷ ሲተረተር ጀርባዋ ላይ የካውያ ቅርጽ ታየ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አንዱ ገና መግል ይዟል። አሠሪዋ ናት የተኮሰቻት። አባቴ አይቶም አላቆመ። ዘልዬ እጁን ነከስኩት። በጥፊ ቢያጮለኝም፣ ደሙ አፌ ውስጥ ቢገባም አልለቀቅኩትም። ዱላው ወደቀ።

ዱዓውን የሚመሩት ሸህ ይመር ያን ጊዜ ተነሥተው ጋቢያቸውን አለበሷት። “አንተ ሰውዬ፣ የስንቱ ልጅ በሳጥን ሲመጣ አላየህም? ዱዓችን ሰምሯል፤ ቁጭ በል!” አሉት። ቁጭ ብሎ አለቀሰ። እኔ ግን አላዘንኩለትም።

ዛሬ በየስልኩ ስለ ስኬት የሚደሰኩር ሞልቷል፤ ስሰማው ንድድ እላለሁ። ዘሃራ መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ቤት ከፍታ ሁለት ልጆች ታሳድጋለች። ካውያ አትነካም፤ የልጆቿን ዩኒፎርም የምተኩሰው እኔ ነኝ። አባታችን አርጅቷል። ለዱዓ እጁን ሲዘረጋ የጥርሴ ጠባሳ ይታያል። ሀብት ሲለምን ሰምቼው አላውቅም። “የመለስክልኝን አትውሰድብኝ” ይላል፤ እኔም ጮክ ብዬ “አሚን” እላለሁ።