አርባ አንድ ጊዜ የወረደው ፋይል

እኔና እትዬ ፒዲኤፍ አንድ ክፍል ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠን ስድስት ዓመት ሠርተናል። ቅጽል ስሙን ያወጣንላት እኛው የሥራ ባልደረቦቿ ነን። ነርሶች የተደበደቡ ሴቶችን እንዴት እንደሚረዱ የሚማሩባቸውን ስላይዶች አሰናድታ ድረ ገጻችን ላይ የምትጭነው እሷ ናት፤ ታዲያ ማንም እንዳይነካካው ፒዲኤፍ ያላደረገችው ፋይል ከእጇ አይወጣም። አሠልጣኞቹ የሚያመጡላት ደግሞ ለጉድ ነው፤ አንዱ ገጹን በአሥር ቀለም ያዥጎረጉረዋል፣ አንዱ የልጁን ፎቶ መሀል ላይ ረስቶ ይልካል። እሷ ፊደሉን ታስተካክላለች፣ የታካሚ ስም ትሰርዛለች፣ ከግርጌ የተጻፈውን ማስታወሻ ታጠፋለች። አንድ ፋይል ላይ ሁለት ቀን ትቀመጣለች። እኔ ችኩል ነኝ፤ አልዋሽም፣ ታናድደኝ ነበር።

ባለፈው ሰኞ አለቃችን ብቅ አለ። "ስሚ፣ አሠልጣኞቹ ስላይዱን እንደሚመቻቸው ማስተካከል ይፈልጋሉ። የአሁኑን ፒዲኤፍ ሳታደርጊ እንዳለ ጫኚው" አላት። አጉረመረመች፤ ግን ጫነችው።

ስላይድ አሥራ አራት ላይ የአንዲት ሴት ክንድ አለ፣ ጠባሳው ከክርን እስከ አንጓ የወረደ። ሴትዮዋ ባሏ የፈላ ውሃ ደፍቶባት ልጇን ይዛ የጠፋች ናት። የት እንደተጠለለች ከጥቂት ሰው በቀር የሚያውቅ የለም፤ ባልየው ግን ዛሬም ሰው እያጠያየቀ ይፈልጋታል። ፎቶውን ያነሳቻት ራሷ እትዬ ፒዲኤፍ ነበረች። "አደራ፣ ፊቴ እንዳይታይ" ስትላት፣ "በልጆቼ!" ብላ ምላላታለች። እንዳለችውም ፊቷን ቆርጣ ክንዱን ብቻ አስቀረች።

ረቡዕ ከሰዓት ስልክ ተደወለ። ከሌላ ከተማ አንዲት ነርስ ናት። ድምፅ ማጉያው ላይ ስለነበር እኔም ሰማሁ።

"ስላይዱን አውርጄው በጣም ወድጄዋለሁ። ፎቶውን ላስተካክል ብዬ ጠርዙን ስስበው ግን የሴትዮዋ ፊት ብቅ አለ። እንዲታይ ነው እንዴ?"

እትዬ ፒዲኤፍ ፋይሉን ከፍታ ራሷ ጠርዙን ሳበችው። ቆርጬ ጣልኩት ያለችው ሁሉ እዚያው ቁጭ ብሏል፤ ፊቷ፣ ከጀርባዋ ካለው ግድግዳ ላይ ደግሞ የተጠለለችበት ሰፈር ጤና ጣቢያ ስም በትልቁ። ለካ ሲቆርጡት ይሸፈናል እንጂ አይጠፋም! ፒዲኤፍ ላይ ጠርዙን መሳብ ስለማይቻል ስድስት ዓመት ሙሉ ይህን አላወቀችም።

የእትዬ ፒዲኤፍ ፊት አመድ መሰለ። ፋይሉን ወዲያው ከድረ ገጹ አነሳችው፤ ቆጣሪው ግን አርባ አንድ ጊዜ ወርዷል ይላል። እነማን እንዳወረዱት የምናውቅበት መንገድ የለም።

"ነርሶች ናቸው እኮ" አልኳት።

"ነርስ ወንድም የላትም? የባልየው እህት ነርስ ብትሆንስ?"

አለቃችን ሰምቶ እየሮጠ መጣ። "ተነስቷል አይደል? በቃ ዝም በሉ። ሴትዮዋን ማስደንገጥ ምን ይጠቅማል?" እውነቱን ልናገርና እኔም ልቤ ወደ እሱ አዘንብሎ ነበር። ፈሪ ነኝ። እትዬ ፒዲኤፍ ግን መጀመሪያ ለመጠለያው ኃላፊ ደውላ መኪና አስላከች፤ ቀጥላ ለሴትዮዋ። ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ተሳሳተች።

አንዳች ሳትሸፋፍን ነገረቻት። "ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እህቴ። መኪና እየመጣልሽ ነው፤ አሁኑኑ ሌላ ቦታ ይወስዷችኋል።"

ትሰድበናለች ብዬ ጠበቅኩ።

"ልጄ ከትምህርት ቤት አልመጣችም" አለች። "ዛሬ ገና ብቻዋን እንድትመለስ ፈቅጄላት ነበር።"

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል አልፏል። ማንም ስልኩን አልዘጋም። የሴትዮዋ ትንፋሽ በድምፅ ማጉያው ይሰማናል፤ እትዬ ፒዲኤፍ የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨምድዳ ይዛለች፤ እኔ የግድግዳውን ሰዓት ላለማየት መሬት መሬቱን አያለሁ። አሥራ ሁለት ደቂቃ እንደዚያ ቆየን።

በወዲያኛው በኩል በሩ ተንኳኳ። ሴትዮዋ "ማነው?" ስትል ድምፅዋ ተሰበረ። ከዚያ መቀርቀሪያው ተከፈተ፣ የትንሽ ልጅ ሩጫ ተሰማ።

"እማዬ፣ መንገዱን አወቅኩት እኮ! ነገም ብቻዬን ነው የምመጣው፣ እሺ?"