ሰባት ቤት ቆጣሪው

አጎቴ ክንዱ ከልጁ መንጋጋና ከገዛ ስሙ የትኛውን ይወድ ነበር? ብዙ አስቤበታለሁ፤ መልሱን አላውቅም።

ክንዱ ከወገራ ተነሥቶ መካነ ብርሃን የገባው ጎልማሳ ሆኖ፣ ጢሙን አሳድጎ ነው። እዚያ የልጅነት ፊቱን የሚያውቅ አልነበረም። ስለዚህ ዘር ቆጣሪ ሆነ። ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሎች እሱን ይጠራሉ፤ እሱም ሰባት ቤት ወደ ኋላ ቆጥሮ ማን ከማን እንደሚዛመድ፣ የማን አጥንት ደዌ እንዳለበት ይፈርዳል። የሐብተ ማርያምን ልጅ ሠርግ ያፈረሰው አክስቷ እንቅርት ስላለባት ነው። እንቅርት ከአዮዲን ጉድለት እንደሚመጣ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ያውቃል። ክንዱ ግን ትምህርት ቤት የሚያስፈልገው ዘር ለሌለው ሰው ነው ይል ነበር።

ከዚያ የገዛ ልጁ የጽጌሬዳ ጉንጮች በአራት ዓመቷ ያብጡ ጀመር። ዘጠኝ ሲሞላት ፊቷ ክብ ሆኖ፣ ዓይኖቿ ወደ ላይ ያንጋጠጡ ይመስሉ ነበር። ክንዱ ጥፋቱን በሚስቱ ላይ ጣለ። «የናትሽን አጥንት ሳልቆጥር ነው ያገባሁሽ» እያለ በሰው ፊት ያዋርዳት ነበር።

በ2003 ልጅቱን ጎንደር አመጣትና ማራኪ ሰፈር እኛ ቤት ዐረፉ። ሐኪም ቤት የወሰድኋቸው እኔ ነኝ። ሐኪሟ የመንጋጋዋን ራጅ አይታ፣ «ክፉ ዕጢ አይመስልም» አለች። «አባባ፣ ከቤተሰባችሁ እንዲህ ያበጠ ሰው ነበር? በዘር የሚወርድ ዐይነት አለ፤ ከአባት ወይም ከእናት አንዱ ይበቃዋል። እሱ ከሆነ ስታድግ በራሱ ይቀንሳል፣ እንጠብቃለን። ካልሆነ ግን አጥንቱን ከፍተን ማየት አለብን።»

«ሰባት ቤት ብትቆጥሪ አንድ አታገኚም!» አለ ክንዱ።

ቀዶ ሕክምናው ለማግስቱ ተቀጠረ። ማታ የሆነውን ለእናቴ ነገርኋት። እናቴ ሰርካለም የክንዱ ታላቅ እኅት ናት፤ ለሐኪሟ እውነቱን ይነግራታል ብላ አምና ነበር።

«ምነው ክንዱ? ‹ጉንጮ› እያልን የምንጠራው ማንን ነበር? ጢምህ እስኪወጣ ድረስ እንደ ዱባ አብጠህ አልነበር?»

«ዝም በይ! ይህ መካነ ብርሃን ቢሰማ ማን ይጠራኛል?»

«ልጅህ ትጠራሃለች፤ መንጋጋ ከተረፋት። ነገ ተናገር፤ አለዚያ እኔ እናገራለሁ።»

ሌሊቱን በረንዳ ላይ ተቀምጦ አደረ። ጠዋት ሐኪም ቤት ጽጌሬዳ ተኝታ በአልጋ እየተገፋች ስትወሰድ እንኳ ትንፍሽ አላለም። እናቴ የቀዶ ሕክምናው ክፍል በር ላይ ቆመች።

«ዶክተር፣ አንዴ ቆዪ! ወንድሜ የሚለው አለው።»

ዘር ሲቆጥር ድምፁ ከወንዝ ማዶ የሚሰማ ሰው፣ መሬት መሬት እያየ አጉረመረመ።

«አባባ፣ አልሰማሁም፤ ጮክ ይበሉ።»

«ከኔ ነው» አለ። «እኔም እንዲህ ነበርሁ።»

ሐኪሟ ጢሙን ገለጥ አድርጋ መንጋጋውን ዳሰሰችና «ልጅቱን መልሷት» አለች። ጽጌሬዳ ሳትበላ ስላደረች ዳቦ ጠየቀች። ክንዱ ስለ ሚስቱ አንድ ቃል አልወጣውም። «ይህን ነገር እዚህ ማን ማን ሰማ?» ብሎ ብቻ ጠየቀ። አግዳሚ ወንበሩ ላይ እንደ ተቀመጠ፣ አፉን ከፍቶ እንቅልፍ ወሰደው፤ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነበር።