መንገድ የሌለው ጫካ

በሰሊጥ አገሯ ከተማ በኮኪት፣ እንግዳው ሽማግሌ ሰዓሊ አረንጓዴ ቀለም ይጠጣሉ ተብሎ ተወርቷል። ሐሰት ነው። የምግብ ቤቷን ግድግዳ እንዲስሉላት የቀጠረቻቸው መጂዳ በዓይኗ አይታለች፤ የብሩሹን ጫፍ በከንፈራቸው ስለሚያሾሉ ነው ቅጠል እንደበላች ፍየል አፋቸው አረንጓዴ ሆኖ የሚውለው።

የሚስሉት ጫካ ብቻ ነው። አረንጓዴው ወደ ውስጥ እየጠቆረ ይሄዳል፤ መግቢያ መንገድ ግን የለውም። ቆባቸው ናፍጣ የጠጣ የሹፌር ቆብ ነው፤ በግራ ጆሯቸው አይሰሙም።

«አባቴ፣ ደንበኞቼ የሰሊጥ ገበሬዎች ናቸው» አለቻቸው መጂዳ በቀኝ በኩል ጠጋ ብላ። «አንድ ትራክተር ጣል ያድርጉበት፤ አለዚያ ወላሂ በኖራ አስጠፋዋለሁ!»

«ልጄ፣ ትራክተር ስነዳ ነው የኖርኩት። ለምንጣሮ የገባሁበትን ጫካ አንዱንም ደግሜ አላየሁት። ይሄን እንኳ ተይልኝ።»

ምሳ የሚበሉት ገበሬዎች ሳቁ።

«ለመሆኑ ይሄ ለምለም አገር ወዴት ነው? ጎጃም ነው?» አለ ደረበ፣ ከመካከላቸው ቀልደኛው።

ሽማግሌው ብሩሹን ከከንፈራቸው አንስተው መለሱለት፦

«እዚሁ ነበር፤ ወንበርህን ካስቀመጥክበት።»