ፒስተኑ የወጣ ዕለት

መኪናዋ የባለቤቴ አባት ነበረች። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ ወደ ኋላ የሚታጠፍ፣ ከእኔም ከባለቤቴም በዕድሜ የምትበልጥ ቀይ የጣሊያን ስፖርት መኪና ናት። አባቷ ካረፉ በኋላ አማቴ ግቢያቸው ውስጥ ቆማ ማየቱ ስለከበዳቸው ለልጃቸው ሰጧት። እኛም በጭነት መኪና አስጭነን ጌጃ ሰፈር ወዳለው ቤታችን አመጣናት።

ሞተሯ ብዙም አላስቸገረኝም። የከፋው ፍሬኗ ነበር። ለዓመታት ከመቆሟ የተነሳ የፊት ጎማዎቿ ተነክሰው አልዞር ብለዋል። እኔ መካኒክ አይደለሁም፤ የቢሮ ሠራተኛ ነኝ፤ ግን እጄ ሥራ ይወዳል። የአራቱንም ጎማ ካሊፐሮች፣ ማለትም ፔዳል ሲረገጥ ዲስኩን ግራና ቀኝ ጨምቀው የሚያቆሙትን ብረቶች፣ ፈትቼ እቤት ላድሳቸው ወሰንኩ። ጎሚኒዎቹን፣ ዘይት እንዳያፈስ የሚይዙትን የጎማ ቀለበቶች፣ ለማግኘት ሶማሌ ተራን ሦስት ቅዳሜ ዞርኩት።

ያን ሰሞን ባለቤቴ ሆዷን ያማት ጀመር። ተመርምራ ውጤት እንድትቀበል ለሐሙስ ቀጠሯት። እኔም የዚያን ዕለት በአባትሽ መኪና ነው የምወስድሽ ብዬ ቃል ገባሁላት። ደስ ብሏት ሳቀች። ለዚያ ብዬ ፈቃድ ወጣሁ፤ ሁለት ቀን ሙሉ ግቢ ውስጥ ስታገል ሰነበትኩ። ሐሙስ ጠዋት ሦስቱ ካሊፐሮች አልቀው አንዱ ብቻ ቀረኝ። የሱ ፒስተን፣ ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚገፋው ክብ ብረት፣ ዝጎ ከቤቱ አልወጣም አለ።

ባለቤቴ ነጠላዋን ለብሳ በሩ ላይ ቆመች። እኔ ደግሞ እጄ እስከ ክርኔ ጥቁር ነው።

«ተወው፣ መኪናዋ ትቆየን። በታክሲ አብረን እንሂድ» አለችኝ።

«አንቺ ቅደሚ። ይቺን አውጥቼ፣ ታጥቤ እደርስብሻለሁ» አልኳት።

ነጠላዋን አስተካክላ ሄደች። ካሊፐሩን ይዤ ከበራችን አለፍ ብሎ ካለው ጎሚስታ ጋ ሄድኩ። በጎማ መንፊያው አየር ሲለቅበት ፒስተኑ ጧ ብሎ ወጣ። እንደ ልጅ ደስ አለኝ። ቤት ተመልሼ በብርጭቆ ወረቀት ዝገቱን ሳለሰልስ ሰዓቱ እንዴት እንደሄደ አላወቅኩም።

ሆስፒታሉ ስደርስ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ጥግ ተቀምጣለች። የታጠፈ ወረቀት ጭኗ ላይ አለ። ሐኪሙ ነግሯት ጨርሷል። ቀና ብላ አየችኝ።

«ፒስተኑ ወጣልህ?» አለችኝ።

ወጣ አልኳት። ከዚያ ወረቀቱን ሰጠችኝ።

ከዚያ በኋላ ስምንት ወር ነው የኖረችው። አንድም ቀን ለምን ብቻዬን ላክኸኝ አላለችኝም። እኔም ይቅርታ አልጠየቅኳትም። ልጀምር ስል ወይ መድኃኒት የምትወስድበት ሰዓት ይሆናል፣ ወይ ጠያቂ ይገባል፣ ወይ ደግሞ ተኝታለች፤ እንዲህ እያልኩ አሳለፍኩት። መኪናዋ ብሎኬት ላይ እንደተንጠለጠለች ቀረች፤ ካሊፐሮቹም ሳፋ ውስጥ በጋዜጣ ተጠቅልለው።

መንፈቋ ካለፈ በኋላ አንድ ቅዳሜ ጠዋት አማቴ ከተክለ ሃይማኖት በእግራቸው መጡ። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ልጃቸው ካረፈች ወዲህ ደግሞ ቃል የሚወጣቸው በግድ ነው። ምግብ መብላት አለመብላቴን ጠየቁኝ። ከዚያ ግቢ ውስጥ ቆመው መኪናዋን ረጅም ጊዜ አዩአት።

«እንዲህ ተንጠልጥላ አትቅር። ወይ ሥራት፣ ወይ ለሚሠራት ስጣት» አሉኝ።

እሠራታለሁ አልኳቸው። የዚያኑ ዕለት ሳፋውን አወጣሁ። ጋዜጣውን ስፈታ ያቺ ያለሰለስኳት ፒስተን ዛሬ የተሠራች ይመስል ታበራለች። መልሼ ጠቅልያት ገብቼ ተኛሁ። ሥራውን የጀመርኩት በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ጎሚኒዎቹን ንጹሕ የፍሬን ዘይት አስነክቼ በጣቴ ቦታቸው አስገባሁ፤ ፒስተኖቹን በአውራ ጣቴ ቀስ ብዬ ገፋኋቸው፤ አዲስ የፍሬን ሸራ አድርጌ አራቱንም አሰርኩ።

የቀረው በቱቦው ውስጥ የገባውን አየር ማስወጣት ነበር። ይሄ የሁለት ሰው ሥራ ነው፤ አንዱ ፔዳል ይረግጣል፣ አንዱ ጎማው ሥር ሆኖ የማስተንፈሻዋን ብሎን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ማንን እንደምጠራ ሳስብ አማቴ ሊጠይቁኝ መጡ። አፍሬ ነገርኳቸው። ነጠላቸውን አጣፉ፤ ጫማቸውን አውልቀው ከመሪው ኋላ ተቀመጡ።

«ከኋላ ቀኙ ነው የምትጀምረው?» አሉኝ።

እንዴት እንዳወቁ ስጠይቃቸው፣ ባላቸው መኪናዋን ሲሠሩ ሁልጊዜ የሚረግጡላቸው እሳቸው እንደነበሩ ነገሩኝ። በዚህ ሁሉ ዘመን ሰምቼው አላውቅም ነበር።

እኔ ሥር ተኝቼ ይርገጡ እላለሁ፤ እሳቸው ይረግጣሉ። ይያዙት እላለሁ፤ ይይዛሉ። ዘይቱ አረፋ እያወጣ ማስተንፈሻዋ ላይ በሰካሁት ላስቲክ ወደ ጠርሙስ ይወርዳል። ሦስተኛው ጎማ ላይ ስንደርስ አላስቻለኝም። ፊታቸውን ስለማላይ ይሆናል የደፈርኩት። የዚያን ሐሙስ ነገር፣ እንዴት ብቻዋን እንደላክኋት፣ ለአንድ ፒስተን ብዬ እንደቀረሁ፣ ሁሉንም ነገርኳቸው።

ፔዳሉ እንደተረገጠ ቆየ።

«ነግራኛለች» አሉ። «ብቻዬን በመሆኔ ጥሩ ሆነ ነው ያለችኝ። እሱ እስኪመጣ አልቅሼ ጨረስኩ፣ እንባዬን አላየም አለችኝ።»

ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ፣ «ልልቀቀው?» አሉ።

ይልቀቁት አልኳቸው። እዚያው ጀርባዬ ላይ ተኝቼ አለቀስኩ፤ እሳቸውም ከመሪው ኋላ። አንዳችን ሌላችንን አላባበልንም። በኋላ አራተኛውን ጎማ ጨረስን።

እውነት እንዲያ ብላ እንደሆነ፣ ወይ እናቷ ለእኔ አዝነው የፈጠሩት እንደሆነ አላውቅም። እሷ እንዲያ የምትል ሰው ነበረች። እሳቸውም እንዲያ የሚያደርጉ ሰው ናቸው። ቢሆንም አይቀለኝም። እውነት ከሆነማ ይብሳል፤ ያን ሁሉ ለብቻዋ ያለቀሰችው እኔ ዝገት ስፈገፍግ ነው።

ማምሻውን አማቴን ቤታቸው አደረስኳቸው። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑን ነካ ሳደርገው መኪናዋ ሳትጎትት፣ ሳትንጫጫ ቀጥ ብላ ቆመች። ጥሩ ሥራ ነበር። አማቴ ቦርሳቸውን አቅፈው ፊት ለፊት ያዩ ነበር፤ በራቸው ጋ ደርሰን ሞተሩን ካጠፋሁም በኋላ ቶሎ አልወረዱም።

አሁን እሁድ እሁድ ልደታ ማርያም እወስዳቸዋለሁ። ሰው ቆም ብሎ መኪናዋን ያያል። ባለፈው አንድ ሻማ ሻጭ ጠጋ ብላ፣ እንዲህ ያለች መኪና ኖሮህ ሚስትህን ነው እንጂ እናትህን ታዞራለህ ወይ ብላ ቀለደችብኝ። አማቴ ከሷ ሁለት ጧፍ ገዙና ክንዴን ያዙኝ፤ ወደ ውስጥ ገባን።